ምንም ላላወቁት ንጉሥ የሚቆመው ሐውልት

ለክቡር አቶ ያርጋል
የንጉሡ መታሰቢያ ሐውልት አሠሪ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ደባርቅ

ክቡር ሆይ፣

ጤናዎ እንደ ምን ሰንብቷል? የደባርቅ ብርድ ጉልበትዎን እንዳይነካው፣ የሐውልቱም መሠረት ጠንካራ ዐለት እንዲያገኝ ምኞቴ ነው። እኔ የአፋፍ ኪዳነ ምሕረት መሪጌታ ስሆን፣ በቅድመ አያቶቻችን ዘመን በንጉሡ ጦር የተቃጠለችውን የአፋፍ መንደር ሙታን ስም በየዓመቱ የካቲት ዐሥራ ስድስት ከቅዳሴ በኋላ የማነበው ሰው ነኝ። አርባ ሦስት ናቸው። ሐውልቱ በዚያው ዕለት ስለሚመረቅ፣ እንግዶች እንዳይከፋቸው ንባቡ ከዘንድሮ ጀምሮ እንዲቀር በደብዳቤ ስለ ጠየቁን፣ ላሳዩን አሳቢነት ምስጋናዬን በአደባባይ ላቀርብ ወደድሁ።

አንደኛ፣ ስላሳተሙት መጽሔት አመሰግናለሁ። ከእርሱ እንደ ተረዳሁት ንጉሡ ስድስቱን ድሎች በሙሉ ራሳቸው አዘው አስገኝተዋል፤ የአፋፍን ቃጠሎ ግን የጦር አለቃቸው በገዛ ሥልጣኑ ስላደረገው ምንም አላወቁም። በዚያው ገጽ ላይ በዕለቱ ንጉሡ ከአፋፍ ማዶ ባለው ቡይት ራስ ሰፍረው እንደ ነበር ጽፈዋል። እኔ ዐይነ ደካማው እንኳ ከደጀ ሰላማችን ቆሜ ቡይት ራስ ላይ የሚነድ እሳት አያለሁና፣ ከዚያ ወደዚህ ሲያዩ ብቻ የሚሰወር ነገር መኖሩን ስላስተማሩን ባለ ውለታዎ ነን። በእኛም ዕድሜ ያዘዘው ያልታወቀ እሳት ስላየን ነገሩ እምብዛም አላስደነቀን።

ሁለተኛ፣ ንጉሡ ያመኑትን እርስዎ ስለ ካዱላቸው አመሰግናለሁ። ይህን ንባብ ያዘዙት ንጉሡ ራሳቸው ናቸው። ከቃጠሎው በኋላ ለደብራችን መሬት ሰጥተው፣ በወንጌላችን ኅዳግ ላይ የአርባ ሦስቱን ስም አስጽፈው፣ «በቃሌ ስለ ሞቱት» አሰኝተው በማኅተማቸው አትመውበታል። እርስዎና ኮሚቴዎ ከባለ ማኅተሙ ይልቅ ስለ ንጉሡ ማወቃችሁ የሚያስመሰግናችሁ ነው።

መጽሔትዎ በዝርዝሩ መጨረሻ ያለው ተክለ ማርያም የንጉሡ የክርስትና ስም መሆኑን ጠቅሶ፣ ቤተ ክርስቲያን ከሙታኑ ጋር የምትጸልይላቸው ንጹሕ ስለ ሆኑ ነው ይላል። ወደዚህ በመጨረሻ እመለሳለሁ።

ሦስተኛው ግን ምስጋና ሳይሆን የራሴ አቤቱታ ነው። መምህሬ አንዱን ስም ጠርቼ ወደ ሌላው ሳልሄድ አንድ ትንፋሽ ያህል ዝም እንድል አስተማሩኝ፤ ምክንያቱን ብጠይቃቸው ለሚመጣው ቦታ ለመተው ነው አሉኝ። ሠላሳ ዓመት ቦታ ትቻለሁ፤ ሠላሳ ዓመትም ፈርቻለሁ። በየዝምታው ከኋላዬ ያለው ባዶ ሥፍራ እየሞላ ይሄዳል፤ አርባ ሦስተኛው ላይ ስደርስ መዞር አልደፍርም። ባለፈው ሳምንት ዐይናቸው የታወረው እማሆይ ወለተ ሥላሴ ንባቡ ይቀራል መባሉን ሰምተው፣ በልጅ ልጃቸው ተመርተው መጥተው፣ የካቲት ሳይደርስ የቅድመ አያታቸውን ስም አንድ ጊዜ እንድጠራላቸው ለመኑኝ። ጠራሁላቸው። እርሳቸውም ትንሽ ጠጋ ብለው በአጠገባቸው ለአንድ ሰው የሚሆን ቦታ ለቀቁ። ሙታኑ ዘንድሮ ሳይጠሩ ቢቀሩ ወዴት እንደሚሄዱ አላውቅምና፣ ከሐውልቱ ሥር ለክብር እንግዶች ከሚደረደሩት ወንበሮች አርባ ሦስቱን ለይተውላቸው እንደ ሆነ ቢያሳውቁኝ እንቅልፍ አገኝ ነበር።

ወንጌሉን በሁለት ቁልፍ ቆልፌ፣ ስሞቹን ደግሞ ማንም በማይቆልፈው በቃሌ ይዤ፣ ለክብርዎ እጅ በመንሣት የካቲት ዐሥራ ስድስትን የምጠባበቅ፣

መሪጌታ ዓለምብርሃን
ከአፋፍ ኪዳነ ምሕረት

ማሳሰቢያ፦ ተክለ ማርያም ንጉሡ አይደሉም። በእናቱ ጀርባ እንዳለ የተቃጠለ የሃያ ቀን ሕፃን ነው። አርባ ቀን ሳይሞላው፣ ሳይጠመቅ ስለ ሞተ፣ ካህናቱ በጸሎት የሚጠራበት ስም የለውም ብለው ከዝርዝሩ ሊያስቀሩት ሲሉ ንጉሡ የራሳቸውን የክርስትና ስም ሰጡት፤ ይህም በኅዳጉ ላይ ተጽፏል። ለራሳቸው ምንም አላስጻፉም። አሁን ይህንኑ ስም በሐውልቱ ላይ በትልቁ ሊያስቀርጹ ማሰብዎን ሰምቻለሁ። እባክዎ ያስቀርጹት። ልጁ እስከ ዛሬ የመቃብር ድንጋይ የለውም።