ከሳውናው ጀርባ ያለው ትራክተር

ማርች 6። የኤልማር ትራክተር አሁንም ከእንፋሎት መታጠቢያው፣ ከሳውናው ጀርባ ቆሟል።

ራይቮ፣ እንደምን ነህ? ወገብህ ተሻለህ ወይስ እያመመህ ነው ግድግዳ የምትለስነው? ሚስትህ ሃይሊና ልጅህ ሲም ደህና ናቸው? እማዬ ደህና ናት፤ ጉልበቷ እንደ ወትሮው ነው። እኔም በአንተ ከመናደዴ በቀር ደህና ነኝ። ይህን የምጽፍልህ ቮሩ ከተማ፣ ፍርድ አስፈጻሚው ቢሮ ወረፋ ይዤ ነው። ቁጥሬ አርባ ሰባት ነው፤ ገና አርባ አንድ ተጠራ።

ከብዙ ሰው ጋር እያዋጣህ ገንዘብህን የምታበድርበት ድረ ገጽ የተበዳሪ ስም አይጽፍም። አንተ ግን «ወንድ፣ ሃምሳ ስምንት ዓመት፣ ቮሩ አውራጃ፣ ለጣሪያ ማደሻ፣ መክፈል ካቆመ ዘጠና ቀን» የሚለውን አንብበህ ጎረቤታችን ኤልማር መሆኑን አወቅህ። ከተበደረው ሦስት ሺ ዩሮ ሃያዋ ያንተ ናት። ሂጂና በሩን አንኳኪ አልኸኝ፤ እኔ ሞኟ ሄድሁ።

ኤልማር ሰማኝና ሳቀ። «ያበደረኝ ሦስት መቶ አርባ ሰው ነው አሉ፤ ቤቴ ድረስ የመጣ ግን ያንቺ ወንድም ብቻ ነው። ስንት ነው የሱ?» አለኝ። ሃያ ስለው ከኪሱ አውጥቶ ሰጠኝ። «በይ ላኪለት፤ አውቶቡስ ይሳፈርበት» አለ። ላክሁልህ፤ ተቀበልህ። ከዚያ ደውለህ «ወለዱስ?» አልኸኝ።

ዕዳውን ለሚያስመልሰው ድርጅት ደውዬ ነገርኋቸው። ሴትዮዋ «እመቤቴ፣ በእኛ በኩል ያላለፈ ክፍያ እንደተከፈለ አይቆጠርም» አለችኝ። ስለዚህ ኤልማር ያችኑ ሃያ ዩሮ እንደገና ይከፍላል፤ አንተም እንደገና ትካፈላለህ።

ከዚያ ፍርድ ቤት ወሰነበት። አስፈጻሚው ቢፈልግ የባንክ ሂሳቡ ባዶ፣ ቤቱ እንኳ በስሙ አይደለም፣ ሌላ የተመዘገበ ንብረትም የለው። ድረ ገጹ «የተመለሰ፦ ዜሮ» ብሎ ጻፈ፤ አንተም ትራክተሩ ትዝ አለህ። በዕድሜ ከእኛ ይበልጣል፣ ሰሌዳ የለው፣ መዝገብ አያውቀው። መኖሩን የምናውቅ እኛ የመንደሩ ሰዎች ነን። «ፎቶ አንሺና ለአስፈጻሚው ስጪ፤ ስሜን ግን እንዳታነሺ» አልኸኝ። አንስቻለሁ። ቦርሳዬ ውስጥ ነው።

እዚህ መስኮቱ ጋ ያለችውን ጸሐፊ፣ እንዲህ ያለ አሮጌ ትራክተር ቢሸጥ ገንዘቡ እንዴት ይከፈላል አልኋት። «ቢበዛ ስምንት መቶ ዩሮ ቢያወጣ ነው። መጀመሪያ የአስፈጻሚው፣ ቀጥሎ የአስመላሹ፣ የተረፈው ሁለት መቶ ሃምሳ ያህል ለአበዳሪዎቹ» አለች። የወረፋ ወረቀቴ ጀርባ ላይ አሰላሁት። ላንተ የሚደርስህ አንድ ዩሮ ከስልሳ ምናምን ሳንቲም ነው።

ኤልማር ደግ ሰው ነው አልልህም። የጣሪያውን ገንዘብ ግማሹን ጠጥቶታል፤ ቤቱ አሁንም ያፈሳል። ነገር ግን የእማዬን መንገድ በረዶ የሚጠርገው በዚያ ትራክተር ነው። ከገና በኋላ እማዬ የወደቀች ለት አምቡላንሱ የገባው እሱ ጠርጎለት ነው። አንተ እዚያው ባሕር ማዶ፣ ቱርኩ ከተማ ሥራ ላይ ነበርህ። ሳንቲም አልጠየቀንም። «ወንድምሽ አውቶቡሱን ተሳፈረ?» ብቻ አለኝ።

አርባ ስድስት ተጠራ። ሃይሊን ሳምልኝ። ሲምን ጥርሱን ያሳክም በለው። እማዬ ሹራብህን ጨርሳዋለች፤ መጥተህ ውሰድ ትልሃለች። የምትመጣው በበረዶ ከሆነ መንገዱን ማን እንደሚጠርግልህ ከወዲሁ አስብበት።

አርባ ሰባት እያሉ ነው። ተራዬን አጠገቤ ለተቀመጡት ሽማግሌ ሰጥቻቸው ወጣሁ።

እህትህ ማይሬ
ቮሩ፣ የአስፈጻሚው ቢሮ ደረጃ ላይ