የማንጎስቲን ልጣጭና የአባዬ እግር

ለምወድህና ለምሳሳልህ አባቴ፣ ከእኔ ከችኩሏ ልጅህ ይድረስ። እንዴት ከርመሃል አባዬ? ወገብህስ እንዴት ነው? እንቅልፍስ በሰላም ይወስድሃል? ሳልህ ለቀቀህ ወይስ አሁንም ጎረቤት ይቀሰቅሳል? ስለ ግራ እግርህ ቁስል ግን አሁን አልጠይቅህም፤ ስለ እሱ ብዙ የምለው ስላለኝ ቆየት ብዬ እመጣበታለሁ። እኔ ከናፍቆትህ በቀር ደህና ነኝ፤ ፈጣሪ ይመስገን፤ ጉንፋን እንኳ ዘንድሮ አልደፈረኝም።

ሥራዬ ላቦራቶሪ ውስጥ እንደሆነ ታውቃለህ። ጠርሙስ አጥባለሁ፣ ወለል እወለውላለሁ፣ ከሁለት ወር ወዲህ ደግሞ ፍሬ እልጣለሁ። ፍሬው ማንጎስቲን ይባላል፤ ስሙ ማንጎን ያስታውሳል እንጂ ዝምድና የላቸውም። ትንሽ ብርቱካን ያህላል፤ ልጣጩ ወፍራምና ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነው፤ ውስጡ ደግሞ እንደ ነጭ ሽንኩርት የተከፋፈለ፣ ጥፍጥ ያለ ነጭ ሥጋ አለው። ልጣጩ እጅን ቢጫ ያደርጋል፣ በሳሙናም ቶሎ አይለቅም። አሁን ይህን ስጽፍልህ ጣቶቼ ቢጫ ናቸው።

የመጀመሪያውን ቀን ጉዴን ልንገርህ። የላቦራቶሪው አለቃ ዶክተሯ አንድ ሣጥን ፍሬ ሰጥታኝ «ልጠሽ አዘጋጂልኝ» አለችኝ። እኔም ባለሙያ ልባል ብዬ ነጩን ሥጋ አንድም ሳላቆስል አወጣሁ፤ በትሪ ደርድሬ ማቀዝቀዣ ውስጥ አስገባሁ፤ ልጣጩን ደግሞ ጠራርጌ መጣያ ውስጥ ጨመርኩት። ዶክተሯ መጥታ ትሪውን አየችና «ልጣጩስ?» አለች። ጣልኩት ስላት ጣቷን ወደ መጣያው ቀሰረች። ለካስ ሰዎቹ የሚመራመሩት በልጣጩ ኖሯል፤ ሥጋውን ከምሳ በኋላ ነው የሚበሉት። ደግነቱ መጣያው ውስጥ ከወረቀት በቀር ሌላ ነገር አልነበረም። እስከ ብብቴ ገብቼ አንድ በአንድ አወጣሁት። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» እያልክ ያሳደግከኝ ለዚያ ቀን ነበር።

አሁን ግን ነገሩ ገብቶኛል። ልጣጩ ደርቆ ይፈጫል፣ አልኮል ውስጥ ይዘፈዘፋል፣ ይጣራል፤ አልኮሉ ሲተን ቢጫ ዱቄት ይቀራል። ዱቄቱ ውስጥ ዛንቶን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ዶክተሯ እንደምትለው ዛፉ ፍሬውን ከሻጋታና ከተባይ ሳይጠብቅባቸው አይቀርም። ችግሩ ልጣጩ ወፍራም ስለሆነ ሳይደርቅ ይሻግትባቸው ነበር። እኔ ደግሞ የአናጺ ልጅ አይደለሁ? ቢላዬን ሳልኩና አንተ ሳንቃ እንደምትልገው በስሱ እየላግኩ፣ ሁሉንም እኩል አድርጌ ወንፊት ላይ ዘረጋሁት። በሦስተኛው ቀን እጅ ሲነካው ይሰባበር ጀመር። ቃሉን እየመዘነ ስለሚናገር «ሚዛን» የምንለው ባልደረባችን ዱቄቱን አየና «ጥሩ ነው» አለ። ከእሱ አፍ ይህ ሲወጣ እንደ ምርቃት ነው የሚቆጠረው።

የዛሬ ሦስት ሳምንት ዶክተሯ ጠርታኝ አንድ ክብ የመስታወት ሳህን አሳየችኝ። ቁስል የሚያመግል ጀርም ዘርተውበት ሳህኑን ሙሉ አልብሶታል። መሃሉ ላይ እኔ ካዘጋጀሁት ልጣጭ በወጣው ዱቄት ብጥብጥ የተነከረች ትንሽ ወረቀት አለች። አባዬ፣ በወረቀቷ ዙሪያ ጀርሙ ድርሽ አላለም፤ ጥርት ያለ ባዶ ቦታ ቀለበት ሠርቶ ከቧታል። በደስታ ጮቤ ረገጥኩ። ወዲያው ስልክ አንስቼ «የእግርህ መድኃኒት ተገኘ፣ እልክልሃለሁ» አልኩህ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ መመለሻም አላገኘሁለት።

ትናንት እህቴ ደውላ ሁሉንም ነገረችኝ። ቁስልህን ማስጠረግ ትተሃል፣ የስኳሩንም መድኃኒት አቁመሃል፣ ነርሷን «ልጄ የተሻለ እየላከችልኝ ነው» ብለህ መልሰሃታል። ትንሿ ጣትህም መጥቆር ጀምራለች አለችኝ። በጣም ፈራሁ አባዬ። ሁለት ጊዜ ደወልኩልህ፤ ሁለቱንም ጊዜ «አይሰማኝም» ብለህ ዘጋኸው። ጆሮህ ደህና እንደሆነ እኔም አንተም እናውቃለን። ለዚህ ነው ይህን ጽፌ ዛሬውኑ ለሚነሣ ሾፌር የሰጠሁት፤ ነገ በጠዋት ይደርስሃል።

ከመጻፌ በፊት ዶክተሯ ዘንድ ሄጄ ለአባቴ ትንሽ ዱቄት ስጪኝ ብያት ነበር። አስቀምጣ አስረዳችኝ። ሳህኑ ውስጥ ደም የለም፣ ጉበት የለም፣ ጨጓራ የለም፤ እዚያ ጀርም የገደለ ነገር ሰው ላይ ሲደርስ አቅም ሊያጣ ወይም ራሱ ሊጎዳ ይችላል፤ ልኩንም ገና አላወቅነውም አለችኝ። «በረኪናም እኮ ሳህኑ ላይ ያለውን ጀርም ይገድላል፤ አባትሽን በረኪና ታጠጪዋለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። መድኃኒት እስኪሆን ስንት ዓመት ይፈጃል ብላት አሥራ አምስት ሊሆን ይችላል፣ ጭራሽ ላይሆንም ይችላል አለች።

እኔ ግን ተስፋ አልቆረጥኩም፤ እንዲያውም ብሶብኛል። ከሰኞ ጀምሮ ወለል መወልወሉ ቀርቶልኝ ልጣጭ የማዘጋጀው እኔ ነኝ። ነጭ ጋዋን ሰጥተውኛል፣ ባለ ሦስት ኪስ፤ በባዶ ክፍል ለብሼው መስታወት ፊት ተንጎራድጃለሁ። አሥራ አምስት ዓመት ቢፈጅም እየላግኩ እጠብቃለሁ። የአንተ እግር ግን አሥራ አምስት ቀን አይጠብቅም። የምልክልህ ዱቄት የለም አባዬ። ቸኩዬ አሳሳትኩህ፤ ይቅር በለኝ። ያለህ መድኃኒት የነርሷ ነው፤ እሱም ይሠራል።

እማዬን ጉልበቷን ሳሙልኝ። አክስቴን ካልሲው ደርሶኛል፣ ልኬ ነው በሉልኝ። ታላቅ ወንድሜን፣ አባዬን ሐኪም ቤት የሚያደርሰው እሱ ነውና፣ መኪናውን ይዞ ይህ ደብዳቤ በደረሳችሁ ቀን ከቤት እንዳይርቅ ንገሩልኝ። የእህቴን ልጅ ጥርስ ባወጣበት በኩል ጉንጩን ሳሙልኝ። አንቺ ደግሞ ይህን የምታነቢለት እህቴ፣ አባዬ አሁን ፊቱን ወደ ግድግዳ እንዳዞረ አውቃለሁ። ማንበቡን እዚህ ላይ አቁሚና ያንን ሰፊ ነጠላ ጫማውን አምጪለት።

ከላቦራቶሪው ዕቃ ማጠቢያ ክፍል
ጥቅምት ፳፩ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት