ከመስተዋቱ በታች የቀረችው አረንጓዴ

ይድረስ ለእትዬ፣ ለልጅነቴ ኩርኩም ባለቤት፣

እንዴት ከርመሻል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ባልሽ አሁንም ሲያንኮራፋ ጣራው ይነሳል? እማዬስ እህል ትቀምሳለች? እኔ ደህና ነኝ፤ ከሳህ የሚሉኝን አትስሚያቸው፣ ሱሪው ነው የሰፋው።

ስምንተኛ ክፍልን ሁለቴ የተማርኩት ወንድምሽ፣ ወለል መጥረጉን ትቼ እዚያው ቢሮ ስልክ አቀባይ ሆኛለሁ። የቢሮው ንድፍ ሠሪ ገና ያልተሠራ የስልክ ፕሮግራም በሥዕል ታዘጋጃለች፤ ሰው ከመንገድ እንጠራና እየነካካ ይሞክረዋል። ስልኮቹ ትልቅም ትንሽም ናቸው። ሥዕሉን በየስልኩ ልክ ማስፋትና ማጥበብ የኔ ፋንታ ነው። እሷ ለመጣው ሁሉ፣ "የምንፈትነው እርስዎን አይደለም፣ ሥዕሉን ነው" ትላለች። እኔ ከኋላዋ ሆኜ አነጋገሯን እየቀዳሁ ሰው አስቅ ነበር።

ባለፈው ማክሰኞ አንዲት ልብስ ሰፊ እናት መጡ። እኔ ቀልዴን ስፈጭ ሥዕሉን በትልቁ ስልክ ልክ እንደነበረ ትቼ ትንሹን ሰጠኋቸው። ለካ "ላክ" የሚለው ምልክት ከስልኩ መስተዋት በታች ተቆርጦ ቀርቷል። ሴትዮዋ የሌለ ነገር ፍለጋ መስተዋቱን በአውራ ጣታቸው ሲያሹ ቆዩ። በመጨረሻ ስልኩን በሁለት እጃቸው መለሱልኝና፣ "ይቅርታ ልጄ፣ እኔ ነኝ የማይገባኝ" አሉኝ።

እትዬ፣ ያኔ የጻፍሽልኝ ትዝ አለኝ። አባዬ ከማረፉ በፊት ስልኩን ጭኑ ላይ አድርጎ መስተዋቱን በአውራ ጣቱ ሲያሽ ይውል ነበር ብለሽኝ ነበር።

ያልነገርኩሽ ነገር አለ። ከቤት ወጥቼ ወደዚህ ልመጣ ስል፣ የአባዬ ዓይን ደክሟል ብዬ የስልኩን ፊደል እጅግ አገዘፍኩለት። እየተያየን የምናወራበትንም ፕሮግራም ጫንኩለት። ተንኮሌ አላስቀምጥ ብሎኝ ጥሪውን በገዛ ድምፄ ቀዳሁት፤ መጀመሪያ እንደ አህያ አናፋሁ፣ ቀጥዬ "አባዬ፣ ልጅህ ነኝ፣ አንሳው" አልኩ። ከዚያ በየእሁዱ፣ እናንተ ሳትኖሩ ብቻውን ላግኘው ብዬ ብደውል ብደውል አያነሳም። በአህያው ተቀየመኝ አልኩ። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ብዬም ቀለድኩበት። በኋላ እኔም አኩርፌ መደወሉን ተውኩት።

ማክሰኞ ከሥራ ስወጣ የራሴን ስልክ ፊደል እንደሱ አገዘፍኩና ጓደኛዬን በዚያው ፕሮግራም ደውልልኝ አልኩት። የደዋዩ ስም ብቻውን መስተዋቱን ሞላው። አረንጓዴዋ የጥሪ ማንሻ ምልክት ከታች ወድቃ አትታይም።

አባዬ አላኮረፈም፣ እትዬ። እኔ አንሳው እያልኩ እጮህበታለሁ፣ እሱ ማንሻውን ይፈልጋል። ለናንተም ያልነገራችሁ አፍሮ ይሆናል። እንደ ልብስ ሰፊዋ ራሱን ሲወቅስ ነው የሄደው።

ስልኩ አሁን እማዬ ጋ ነው ብለሻል። የሷም ዓይን ደክሟልና ፊደሉን አታሳንሺባት። ጥሪ ሲመጣ በጣቷ ወደ ላይ ገፋ ታድርገው፣ አረንጓዴዋ ብቅ ትላለች፤ አሳያት። አህያውንም አትንኪው፤ አባዬ የሰማው እሱን ነው። እሁድ ረፋዱ ላይ እደውላለሁ። አንቺ እንዳታነሺላት። የፈለገውን ያህል ብትቆይ እጠብቃለሁ።

ለእማዬ ጉልበቷን ሳሚልኝ። ለአንኮራፊው ባልሽ ትራሱን ከፍ ያድርግ በይው። ለትንሿ ልጅሽ፣ ጥርሷን የወሰድኩት እኔ አይደለሁም በያት። አባዬ መቃብር ስትሄጂ ደግሞ ጎንበስ ብለሽ፣ "የተሳሳተው ሥዕሉ ነው፣ አንተ አይደለህም" በይልኝ።

ወንድምሽ፣
ከስልኮቹ ጠረጴዛ፣ ግንቦት 19 ቀን