የሰሊጥ ክፍል

ጥቅምት 12
ሙቀቱ ዛሬም አልቀለለም። የቢሮዬ ማራገቢያ ይጮኻል እንጂ አያበርድም። የከተማችን ትምህርት ኃላፊ ከሆንኩ ዓመት ሞላኝ… ጠመኔ ካስቀመጥኩም እንዲሁ። የየትምህርት ቤቱን ሪፖርት ሰበሰብኩ። ሁሉም "ያቋረጠ ተማሪ የለም" ይላል። የድሮ ባልደረባዬ አሰበች ብቻ "አርባ ሦስት፣ ሰሊጥ አጨዳ ሄደው" ብላ ልካለች። ዘጠኝ ዓመት አብረን አስተምረናል። አሁን እሷ ርዕሰ መምህርት፣ እኔ አለቃዋ።

ጥቅምት 13
ደወልኩላት። "ቁጥሩን አስተካክይው እንጂ፣ ዞን ላይ ታሳፍሪናለሽ።"
"ልጆቹ ሽንፋ በኩል እያጨዱ ነው። ምኑን ላስተካክል? እርስዎስ ያውቁት የለ?"
እርስዎ! ድሮ "አንተ ደረበ" ነበር የምትለኝ።
ራሴው ሰረዝኩት። ዜሮ ጻፍኩ።

ጥቅምት 28
"ያቋረጠ የለም" ተብሎ ከዞኑ አንደኛ ወጣን። ዋንጫ ተቀበልኩ። ጭብጨባው ደስ አለኝ… ምን ይዋሻል።

ኅዳር 14
አጫጆቹ ተመለሱ። ለማካካሻ ትምህርት የተመደበ መምህር ግን የለም። ዞን ደወልኩ። "ያቋረጠ የለም ብለህ ለማን ነው የምንመድበው?" አሉኝ።
የማካካሻውን ክፍል እኮ የጀመርኩት እኔ ነኝ! ከአጨዳ የተመለሱትን ከሰዓት በኋላ እየሰበሰብኩ ያለፋቸውን አስተምር ነበር። "የሰሊጥ ክፍል" እንለው ነበር። አሁን በገዛ እጄ ዘጋሁት።

ኅዳር 16
ዘምዘም ከእናቷ ከሙባረካ ጋር ቢሮ መጣች። ዘንድሮ የስምንተኛ ክፍል ተፈታኝ ናት። አራተኛ ክፍል እያለች አስተምሬያታለሁ። መዳፏ በማጭድ ተላልጧል።
"ቲቸር፣ ያለፈኝን ማን ያስተምረኛል?"
አሁንም ቲቸር ትለኛለች…
እናቷ ዋንጫውን አየችው። "ማሻአላህ! ልጆቻችን ናቸው ያመጡት?"
ዋንጫውን አንስቼ ከጠረጴዛው ሥር ደበቅኩት። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ኅዳር 17
ለዞኑ ጻፍኩ። "አርባ ሦስት ነበሩ። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።" ዋንጫውንም አብሬ መለስኩ። ማኅተሙን ስመታ ላብ አጠመቀኝ። ጥቅምት ላይ ዜሮውን ስጽፍ ለምን አላላበኝም?

ኅዳር 29
አፍሬያለሁ። ገበያ ላይ ሰው ሲያየኝ መንገድ እቀይራለሁ።

ታኅሣሥ 10
ከኃላፊነት አነሱኝ። ወደ ድሮው ትምህርት ቤቴ መለሱኝ። አሰበች በር ላይ ጠበቀችኝ። አልተቆጣችኝም… ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ስም መጥሪያውን ሰጠችኝ።
"የከሰዓት በኋላ ልጆች ያንተ ናቸው። ግባና ስማቸውን ጥራ።"
አርባ ሦስቱንም ጠራሁ። ዘምዘም "አቤት" አለች። ስድስቱ የሉም። የት ሄዱ?
"መምህር ሲጠብቁ ቆይተው ተስፋ ቆረጡ፣ ቲቸር። ማሽላ ቆረጣ ሄደዋል" አለች ዘምዘም።
በየስማቸው ትይዩ ስድስት ጊዜ "ቀሪ" ብዬ ጻፍኩ።