እሺ ያልኩበት ሰኔ

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ዝናብ። እንጅባራ ሲዘንብ ብርድ ልብስ ይሸጣል፤ እኔ ምን ቸገረኝ…

ከሰዓት ዘውድነሽ ሱቄ መጣች፣ የሴቶች መጠለያ ማዕከሉ ልጅ። ማዕከሉ ሞልቷል። ባሏ የደበደባት ሴት ከአዲስ ቅዳም መጥታለች፤ ለጥቂት ሳምንት ያስጠጉልን አለችኝ። ባለፈው የማዕከሉ ስብሰባ ላይ እጅሽን አውጭ ማን አለኝ? "ቤቴ ሰፊ ነው" ያልኩት እኔው ነኝ። ወይ አፌ!

ማታ ይዛት መጣች፤ ይመኙሽ ትባላለች። ግራ እጇ ጀሶ ውስጥ ነው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ቀረች።

ሰኔ 5፣ ሐሙስ

የዓረፋው ሥጋ አላለቀም፣ እሷ ደግሞ የሰኔን ጾም ይዛለች። አንድ ምድጃ፣ ሁለት ድስት። በአንድ እጇ ሽንኩርት ስትከትፍ ማየት አልቻልኩም፤ ቢላውን ቀማኋት። "ይተዉት እትዬ ነኢማ፣ ለምጄዋለሁ።" ይኸም ይለመዳል?

ልጅ አለቻት፣ ትህትና። አባትየው ቢሻው ይዟታል። "እናትየው ከፈለገቻት ትመለስ" ብሏል አሉ። ዘውድነሽ ለፍርድ ቤት አመልክታለች፤ ቀጠሮው ግን ከክረምት በኋላ ነው።

"እስከዚያ አልችልም። ለሷ ስል እመለስ ይሆናል" አለችኝ ይመኙሽ። ሽንኩርቱን መክተፌን ቀጠልኩ።

ሰኔ 8፣ እሑድ

ምን ሠራሁ!

ቢሻው ሽማግሌ ላከ። ጋሽ ይርሳው ከሌሎች ሁለት ጋር። ጋሽ ይርሳው የባሌ ወዳጅ ናቸው፤ እሱ የሞተ ጊዜ ከደጄ ያልጠፉ ሰው። "ግቡ፣ ተቀመጡ" ብል ወይ ፍንክች! ያው ወጉ ነው፤ ሽማግሌ የመጣበትን እሺ ሳይባል አይቀመጥም።

"ይመኙሽን መልሽልን። እሺ በይን።"

በረንዳዬ ያፈሳል። ውሃው በጋሽ ይርሳው ካፖርት አንገት ይገባል።

"ኧረ በአላህ ይቀመጡ!"

"እሺ ካላልሽኝ እዚሁ ቁሜ እቀራለሁ።"

አፌ "እሺ" አለ። ተቀመጡ። መረቁኝ። የሚመጣው እሑድ ሊወስዷት።

ይመኙሽ ከጓዳ ሆና ሁሉንም ሰምታለች። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። "እሺ ያሉት እርስዎ ነዎት፤ እንግዲህ እርስዎ ይሂዱለት" አለችኝ።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

ኔትወርክ ሲመጣ ለዘውድነሽ ደወልኩ። ትቆጣኛለች ብዬ ነበር።

"ይመኙሽ እሺ ብላለች?"

"አላለችም።"

"በቃ፤ በእርስዎ እሺ እሷ አትሄድም። ይንገሯቸው።"

ለሷ ቀላል ነው። ጋሽ ይርሳውን ዓይን ዓይናቸውን እያየሁ ቃሌን የማጥፈው እኔ…

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

ይመኙሽ አኩርፋኝ ሰነበተች። እውነቷን ነው። ዛሬ ግን ድንገት፣ "ሽማግሌ ለምንድን ነው የማይቀመጠው?"

"እምቢ እንዳይሉት ነዋ! የቆመ ሽማግሌ ማን ጨክኖ ይመልሳል?"

"ሴት ብትቆምስ?"

ሳቅሁ። እሷ አልሳቀችም።

ሰኔ 15፣ እሑድ

መጡ። እሺ ተብለዋልና ገብተው ቁጭ። ሻይ ቀዳሁ፤ ግማሹን ማስቀመጫው ላይ አፈሰስኩት።

"ጋሽ ይርሳው፣ ያን ቀን እሺ ያልኩት በሰው ጉዳይ ነው። ያፍሩብኝ፤ ቃሌን አንሥቻለሁ።"

ፊታቸው ጠቆረ። እሳቸው ሳይመልሱ ይመኙሽ ከጓዳ ወጣች። ነጠላዋን አደግድጋ መሐል ቆመች።

"ነይ ልጄ፣ ቁጭ በይ።"

"አልቀመጥም አባቴ። እኔም ለልመና ነው የቆምኩ። ወደሱ አልመለስም። ልጄን ግን አምጡልኝ። እሺ ካላላችሁኝ አልቀመጥም።"

አንደኛው ሽማግሌ "ሴት ልጅ ደግሞ…" ብሎ ሲጀምር ጋሽ ይርሳው በእጃቸው ዝም አሰኙት። ማንም ሻዩን አልነካም። ሄጄ አጠገቧ ቆምኩ። ፈርቼ ነበር፤ ግን ቆምኩ።

ጋሽ ይርሳው ጀሶውን አዩት። "ይኸ የሱ ሥራ ነው?"

"የሱ ነው።"

"ለኛ ወደቀች ነው ያለን።"

"በየጊዜው ነው የምወድቀው አባቴ።"

አቀረቀሩ፤ "እሺ ልጄ። ተቀመጭ።"

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ጋሽ ይርሳው ትህትናን በባጃጅ አመጧት። ቢሻውን ምን ብለው እንዳሳመኑት አልነገሩንም። እናትና ልጅ ጓዳ ገብተው በሩን ዘጉ። እኔ በረንዳ ላይ አለቀስኩ፣ ደስ ብሎኝ።

ስመለስ ጋሽ ይርሳው አልሄዱም። ተቀምጠው ከዘራቸውን ይደባብሳሉ።

"ያች የማዕከሉ ልጅ… ከሩቅ የመጣችንም ሴት ትቀበላለች?"

"ለማን ነው?"

"ለልጄ። አዘና ከተማ ሄዳ ያገባችው።" ቀና ብለው አላዩኝም። "ሁለቴ ጥላው መጥታ ነበር። ሁለቴም የመለስኳት እኔ ነኝ።"

ዘውድነሽ ጋ ደወልኩ። ቦታ አናጣላትም፣ አምጧት አለች።

ነገ ሱቅ አልከፍትም። በጧቱ መኪና ከጋሽ ይርሳው ጋር አዘና እንወርዳለን።