ወይዘሮ እናትነሽ ጌቱ፦ ለሐዘንተኛ ተማሪ ጊዜ ያስገኙ እህታችን

ዛሬ በክብር የምንሸኛቸው እህታችን ወይዘሮ እናትነሽ ጌቱ በኅዳር ወር 1958 ዓ.ም. ከአባታቸው ከአቶ ጌቱ ሞላ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ወርቅዬ ደስታ በወንጂ ስኳር ፋብሪካ የሠራተኞች መንደር ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። አባታቸው የፋብሪካው መካኒክ ስለነበሩ አገዳ በሚቆረጥበት ወራት ቤቱም፣ ልብሱም፣ እንቅልፉም ሳይቀር ሞላሰስ ሞላሰስ ይሸት ነበር። ወይዘሮ እናትነሽ ገና በልጅነታቸው በሐሳብ ጭልጥ ብለው የሚሄዱ ሰው ነበሩ። ለመልእክት ሲላኩ ከመስኖው ቦይ ዳር ቁጭ ብለው፣ ውኃው ሰማዩን ይዞ ሲሄድ እያዩ ይቀራሉ። እናታቸው «ይቺ ልጅ ነቅታም ሕልም ታያለች» ይሉ ነበር። እስከ ዕለተ ሞታቸው ከዚህ የተሻለ የሚገልጻቸው ቃል አልተገኘም።

የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርታቸውን በወንጂ፣ ሁለተኛ ደረጃን በናዝሬት ተከታትለው በ1976 ዓ.ም. አጠናቀዋል። ከዚያም በአዲስ አበባ በጽሕፈትና በቢሮ አስተዳደር ሙያ ሠልጥነው በአንድ መንግሥታዊ መሥሪያ ቤት ለብዙ ዓመታት አገልግለዋል። ጌታን የግል አዳኛቸው አድርገው የተቀበሉትም በዚሁ ዘመን ነው። በ1983 ዓ.ም. ከአቶ ዮፍታሄ በላይነህ ጋር በጋብቻ ተጣምረው ሊውልን በአዲስ አበባ፣ ቤቴልን በላስ ቬጋስ ወልደዋል። አቶ ዮፍታሄ ሁልጊዜ የሚቸኩሉ፣ ወይዘሮ እናትነሽ ቸኩለው የማያውቁ በመሆናቸው፣ ትዳሩ የጸናው አንዱ ሌላውን በር ላይ ቆሞ በመጠበቅ ነው ማለት ይቻላል።

ቤተሰቡ ዲቪ ደርሶት እ.ኤ.አ. በ1999 ላስ ቬጋስ ገባ። ወይዘሮ እናትነሽ ዐሥር ዓመት ያህል በሆቴል የመኝታ ክፍል በማጽዳት ሠርተዋል። ስለዚያ ጊዜ ሲጠየቁ ድካሙን አያነሡም ነበር። ጠዋት መጋረጃ ሲከፍቱ ሸለቆው በወርቃማ አቧራ ውስጥ ተንሳፍፎ ያዩት እንደነበር፣ ሕንፃዎቹም እግራቸው መሬት የነካ እንደማይመስል ያወሩ ነበር። መኪና ሲነዱ ግን ይኸው ጠባያቸው ያሰጋ ነበር። አንድ እሑድ ወደ ቸርች ብለው ወጥተው፣ ከተማውን ሁሉ አልፈው፣ የዚህ ጽሑፍ አዘጋጅ የሆነው ታናሽ ወንድማቸው ዘሪሁን ኦቨርታይም በሚሠራበት በኤፔክስ ኢንዱስትሪያል ፓርክ መጋዘን በር ላይ ተገኙ። ወንድማቸው ምን ደረሰብሽ ብሎ እየሮጠ ሲወጣ «ምንም አልሆንኩም፤ ተራራው ሮዝ ሆኖ እሱን ሳይ ኤግዚቴን ሚስ አደረግሁ» አሉት። ስብከቱ አመለጣቸው፤ ተራራው ግን አላመለጣቸውም።

ከሥራ ጋር እየተማሩ ዲግሪያቸውን ካገኙ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 በከተማችን በሚገኝ አንድ ኮሌጅ በእንግዳ ተቀባይነት ተቀጠሩ። ከአራት ዓመት በኋላ ኮሌጁ ለአሜሪካ ነባር ሕዝቦች ተማሪዎች የድጋፍ ማዕከል ሲከፍት፣ ሌላ ሰው እስኪገኝ ተብለው ለጊዜው ወደዚያ ተዛወሩ። ሌላ ሰው አልተፈለገም፤ እርሳቸውም እስኪታመሙ ከዚያ አልተነሡም። የማዕከሉ ኃላፊ ወይዘሮ ዳርሊን የሾሾኒ ሕዝብ ልጅ ናቸው። ወይዘሮ እናትነሽ የሚያውቁትን ሁሉ ከእርሳቸው እንደተማሩ በየአጋጣሚው ይናገሩ ነበር። በእኛ ዘንድ «ቀይ ሕንዶች» ማለት የተለመደ ነውና፣ ቤታቸው መጥቶ እንዲህ ያለ ሰው ወጡ ሳይወጣለት ይታረም ነበር። «ስም አላቸው፤ ፓዩት በል፣ ሾሾኒ በል፣ ናቫሆ በል» ይሉታል።

የክፍለ ግዛቱ ሕግ ለእነዚህ ተማሪዎች የትምህርት ክፍያን ሲያስቀር ብዙ ሰው ነገሩ ያለቀ መስሎት ነበር። ወይዘሮ እናትነሽና ወይዘሮ ዳርሊን ግን የቤት ኪራይ፣ የቤንዚን፣ የልጅ ጠባቂ ነገር ገና እንዳልተነካ ያውቁ ነበር። ለአንዱ የመኖሪያ ድጋፍ ጉዳይ ሲያስጨርሱ፣ ሌላዋን ከአስጠኚ ጋር ሲያገናኙ፣ የሦስተኛውን እናት በስልክ ሲያረጋጉ ይውላሉ። ልጃቸው ቤቴል በአንድ ወቅት «ማሚ፣ እኔም እኮ ስቱደንት ነኝ፣ ለእኔም አፖይንትመንት ስጪኝ» ብላቸዋለች። እርሳቸውም በሚቀጥለው ሐሙስ ብለው ቀጠሮ ያዙላት፤ ምሳም ጋበዟት።

እ.ኤ.አ. በ2021 የመኸር ሴሚስተር ከኤፔክስ ወዲያ ካለው የፓዩት ሕዝብ መሬት የመጣችው የነርሲንግ ተማሪ ማሪሳ ድንገት ከክፍል ቀረች። ወይዘሮ ዳርሊን በዚያ ሳምንት ፈቃድ ላይ ነበሩ። ወይዘሮ እናትነሽ ደጋግመው ደውለው በመጨረሻ አክስቷን አገኙ፤ ማሪሳን ያሳደጓት አያቷ ማረፋቸውንም ሰሙ። ከዚህ በኋላ ያደረጉትን ማናችንም እናደርገው ነበር። ለቸርቻችን እህቶች ነገሩ፣ ምግብ ተሠራ፣ ሁለት ቫን ሞልተን ሄድን። እንደምንመጣ እንንገራቸው ያለ ሰው አልነበረም፤ ለቅሶ ይደረሳል እንጂ ማን ቀጠሮ ይይዝበታል? ወይዘሮ እናትነሽ የሟቹን ስም ጠይቀው ይዘው ነበርና፣ ደጃፉ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ ስማቸውን በታላቅ ድምፅ እየጠሩ አለቀሱ።

ቤቱ ጸጥ አለ። በዚያ ቤተሰብ ልማድ የሞተ ሰው ስም ዓመቱ እስኪወጣ አይጠራም። ማሪሳ ከተቀመጠችበት ተነሥታ በጓሮ በር ወጣች። የሟቹ ባለቤት ወይዘሮ እናትነሽን እጃቸውን ይዘው ወንበር ላይ አስቀመጧቸው፤ ሌሎቻችንም ተቀመጥን። ያመጣነው ምግብ ተበላ፤ ማንም ግን አልተናገረም። በመስኮቱ ነፋሱ አሸዋውን ቀስ እያለ ሲያንከባልለው ይታያል፤ ኮረብታዎቹ ሐምራዊ ሆኑ፣ ከዚያም ሰማያዊ ሆኑ። ያን የመሰለ ዝምታ ማናችንም ሰምተን አናውቅም፤ ሰውነታችን ሁሉ የለዘበ፣ በሰው ሕልም ውስጥ የገባን መሰለን። ስንመለስ ወይዘሮ እናትነሽ ቫኑ ውስጥ አለቀሱ። «ላጽናና ሄጄ አቆሰልኳቸው። ልጅቷ ከትምህርቷ ብትቀር በእኔ ነው» አሉ። ይህ ነገር ለብዙ ወራት ከልባቸው አልወጣም።

ልጅቷ በእርግጥም ልትቀር ነበር። ኮሌጁ ለመኖሪያ የሚሰጠው ድጋፍ ክፍል ካልተከታተሉ ይቋረጣል፤ የሐዘን ፈቃድ የሚሰጠውም ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት ለሞተበት ብቻ ሲሆን፣ ያውም የሞት ምስክር ወረቀት ወይም የታተመ የቀብር ፕሮግራም ሲቀርብ ነው። ወይዘሮ ዳርሊን ስለዚህ ነገር ለዓመታት ተከራክረው የኮሌጁ ኮሚቴ ንግግራቸውን በቃሉ እስኪይዘው ደርሶ ነበር። በዚያ ጊዜ ወይዘሮ እናትነሽ ወደ ስብሰባው አብረዋቸው ገቡ። በስብሰባ መናገር አይወዱም ነበር፤ ዳርሊን እንደነገሩን ግን የዚያን ዕለት ያሉት ይህን ነው። «በእኛ አገር ሰው ሲሞት ስሙን እንጮኻለን፣ ፎቶውን እናባዛለን። እነርሱ ዝም ይላሉ። እኔ አንድ ጊዜ ዝምታቸውን ሰብሬባቸዋለሁ፤ አሁን ደግሞ ወረቀት አምጡ ብዬ እንድሰብርባቸው አትላኩኝ።» ሟቹ ለልጅቷ ምን ያህል ቅርብ ናቸው ተብለው ሲጠየቁም «ያሳደጓት ናቸው። በእኛ ዘንድማ የአጎት ሚስት እህትም ቅርብ ናት» አሉ። ከኮሚቴው አባላት አንዱ ሳቁ። ውሳኔው ግን አልተለወጠም፤ ማሪሳም የዚያን ሴሚስተር ድጋፍና ማደሪያዋን አጣች።

በገና ሰሞን ወይዘሮ እናትነሽ ሕልም አዩ። ማሪሳ በአገዳ ማሳ መካከል፣ ውኃ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ደርሶ ቆማለች፤ አገዳው ይወዛወዛል፣ ድምፅ ግን የለውም። ለባለቤታቸው ቢነግሯቸው አቶ ዮፍታሄ እንደ ልማዳቸው «አሁኑኑ ደውይላታ!» አሏቸው። እርሳቸው ግን «አይ፣ አንድ ጊዜ ሳትጠራኝ ሄጃለሁ። አሁን እርሷ ትምጣ» ብለው እምቢ አሉ። ይጸልዩላት እንደነበር የቸርቻችን የጸሎት ቡድን ያውቃል።

ጃንዋሪ ውስጥ ማሪሳ ወደ ማዕከሉ መጥታ ከመስኮቱ አጠገብ ተቀመጠች። ወይዘሮ እናትነሽ ሥራቸውን ትተው ፊት ለፊቷ ተቀመጡ። ይቅርታ ሊጠይቁ ያዘጋጁት ንግግር ነበራቸው፤ አልተናገሩትም። ፀሐይዋ ምንጣፉ ላይ እየተሳበች ከአንዷ እግር ወደ ሌላዋ እስክትሄድ ዝም ብለው ቆዩ። በኋላ ማሪሳ «አያቴ ሰው ምግብ ይዞ ሲመጣ ደስ ይለው ነበር» አለች። ከዚያ ተመዘገበች። ወይዘሮ ዳርሊንም ማደሪያ ፈለጉላት።

ወይዘሮ ዳርሊን መከራከራቸውን አላቋረጡምና በዓመቱ ኮሚቴው ደንቡን ለወጠ። የማዕከሉ ቃል እንደ ማስረጃ ይበቃል፤ ቅርብ ዘመድ ማለት ተማሪው ቅርብ ዘመዴ ነው የሚለው ሰው ነው፤ ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ተማሪ ድጋፉ አይቋረጥም፣ ፈተናውም ይቆይለታል። ስለዚህ ነገር ሲመሰገኑ ወይዘሮ እናትነሽ ይቆጡ ነበር። «የሠራችው ዳርሊን ናት፤ እኔ የተሳሳትኩት ነኝ» ይሉ ነበር። ማሪሳ እ.ኤ.አ. በ2024 ተመርቃ ዛሬ በላስ ቬጋስ ሜዲካል ዲስትሪክት ነርስ ሆና ትሠራለች። በምረቃው ቀን ወይዘሮ እናትነሽ እልል ማለት አምሯቸው፣ ይቻል እንደሆነ አስቀድመው አክስቷን ጠየቁ። ተፈቀደላቸው፤ አዳራሹም ተደናገጠ።

ወይዘሮ እናትነሽ ባደረባቸው የጉበት ካንሰር ምክንያት ካለፈው ፀደይ ጀምሮ በሕክምና ሲረዱ ቆይተዋል። ማሪሳ ሺፍቷን ስትጨርስ እየመጣች አልጋቸው አጠገብ ትቀመጥ ነበር። በመጨረሻዎቹ ቀናት እህታችን ግማሽ በእንቅልፍ፣ ግማሽ በንቃት ሆነው ስለ ውኃ ያወሩ ነበር። ሕመም እንዳለባቸው ሲጠየቁ ፈገግ ይሉ ነበር። ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) በተወለዱ በ59 ዓመታቸው ወደሚወዱት ጌታ ሄደዋል። እኛ ግን አልጠገብናቸውም።

ወይዘሮ እናትነሽ ባለቤታቸውን አቶ ዮፍታሄ በላይነህን፣ ልጆቻቸውን ሊውልንና ቤቴልን፣ የልጅ ልጃቸውን ፀሎትን እንዲሁም ወንድማቸውን ዘሪሁንን ትተው አልፈዋል። በቀኝ በኩል የተቀመጡት ወጣቶች የማዕከሉ ተማሪዎች ናቸው። በኮሌጁ ይህ የፈተና ሳምንት ነው። የሐዘን ፈቃድ ሲጠይቁ ሟች ምንሽ ናቸው፣ ምንህ ናቸው ለሚለው ጥያቄ ሁሉም «አክስት» ብለው መልሰዋል፤ ማንም ማስረጃ አምጡ አላላቸውም። ስለዚህ ቤተሰቡ ከሐዘንተኞቹ ቆጥሯቸዋል። አስተዛዛኞች ሆይ፣ እጅ ስትነሡ እነርሱንም አትለፏቸው።

ነፍሳቸው በጌታ እቅፍ እንዳለች እናምናለንና ለእርሳቸው አንሰጋም። መጽናናቱን እግዚአብሔር ለእኛ ለቀረነው ያብዛልን። እናንተ በቀኝ በኩል የተቀመጣችሁ የእህቴ ልጆች ደግሞ፣ ሰዓት አትዩ። እንቀብራለን፣ እንበላለን፣ እስኪመሽ አብረን እንቀመጣለን። ፈተናው ይቆያል።