ወለላ ልጇን ያገኘችበት ምዕራፍ

ቅዳሜ፣ ጥር 16

ዛሬ ታላቅ እህቴ እታለም የአዲሱን መጽሐፌን ረቂቅ በፌስታል ይዛ መጣች። አንብባ ጨርሳዋለች።

በፊተኛው ልቦለዴ ወለላ ሦስት ቦታ ብቻ ብቅ ያለች ሴት ነበረች፤ ታክሲ ውስጥ የሙታንን ድምፅ የምትሰማ። አንባቢ ስለወደዳት ይህኛውን መጽሐፍ ለብቻዋ ሰጠኋት። መጨረሻው ላይ የሞተች ልጇን 18 ማዞሪያ በቆመ ታክሲ የኋላ ወንበር ላይ ታገኛታለች። ትስማትና ትወርዳለች፤ ታክሲው ልጅቷን ይዞ ይሄዳል።

እታለም ልጇን ሩትን ከቀበረች አራት ዓመቷ ነው። ሳላስፈቅዳት ነው የጻፍኩት።

ሻይ አቀረብኩላት፤ አልነካችውም።

"ፌርማታ ሳይደርስ 'ወራጅ አለ!' እያለች የምትጮኸው የኔ ልጅ ናት" አለችኝ።

"አዎ፣ ሩት ናት። ይቅር በይኝ፣ እታለም። ካልሽ አላሳትመውም፤ አሁኑኑ እቀደዋለሁ" ብዬ ረቂቁን አነሳሁት።

ረቂቁን ከእጄ ነጠቀችኝ። "እንዳትነኪው! እዚህ ውስጥ ትናገራለች እኮ።"

ዝቅ ባለ ድምፅ፣ "ወለላ ለምን ከታክሲው እንድትወርድ አደረግሽ?" አለች።

"ታሪኩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት።"

"እኔ ብሆን አልወርድም ነበር።"

ልሂድ ብላ ስትነሳ ብቻዋን መስደድ ፈራሁ፤ ሹራቤን ደርቤ ተከተልኳት። ይህን የምጽፈው ዓለም ባንክ ሰፈር፣ እሷ ቤት ሆኜ ነው። ረቂቁን ደረቷ ላይ አድርጋ ሶፋው ላይ ተኝታለች። በየመስመሩ ቀና እያልኩ ትንፋሿን አያለሁ።